ከሰዓት በኋላ የሚከደን ዐይን

አባቴ ለሽምግልና ተቀምጦ ሳለ ተኛ ተብሎ የታማው የገብስ አጨዳ በተጀመረበት ሰሞን ነው። እኔ በቦታው አልነበርኩም። መካነ ሰላም ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ ወላጆቼ የሚኖሩት ደግሞ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ፣ ከመኪና ተወርዶ ብዙ በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ ነው። ነገሩን መጀመሪያ የነገረችኝ እናቴ ናት። በኋላ የአባቴ ጓደኛ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሸህ፣ እናቴ የዘለለችውን ሞልተው አጫወቱኝ።

አባቴ ገበሬ ነው። ቄስ አይደለም፣ ሀብታምም አይደለም፤ ፊደል የቆጠረውም ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። ግን በአካባቢያችን ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወሰን ሲገፋ፣ ከብት የሰው እህል ሲበላ መጀመሪያ የሚጠሩት እሱንና ሸሁን ነው። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብረው ሲያስታርቁ ኖረዋል። ሸሁ ተናጋሪ ናቸው፤ ምርቃታቸውም ቁጣቸውም ይጣፍጣል። አባቴ የሚታወቀው በመስማቱ ነው። ሰው ሲናገር አያቋርጥም፤ ዐይኑን ከተናጋሪው ፊት አያነሳም። "እሱ ፊት ከተናገርኩ ግማሹ ንዴቴ እዚያው ይወጣልኛል" ሰዎች ሲሉ በልጅነቴ ሰምቻለሁ።

የዚያን ቀን የቀረበው ጉዳይ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴትና የባሏ ወንድም ነበር። ከጅረቱ ዳር ባለች ቁራሽ መሬት ተጣልተዋል። የባሏ ወንድም ንግግሩን ስላስረዘመው የሴትየዋ ተራ የደረሰው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ቆማ መናገር ጀመረች። ባሏ ታሞ በተኛበት ዓመት ማን እንዳረሰላት፣ ድንጋዩን ማን እንደለቀመው፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ ማን በሬውን ይዞ እንደገባባት ስትዘረዝር ቆይታ መሃል ላይ ዝም አለች። አባቴን እያየችው ነበር። ሁለቱም የዐይኑ ቆቦች ወርደው ብሌኑን ሸፍነውታል።

"ለተኛ ሰው ነው እንዴ የምናገረው?" አለች። "ባሌ ቢሞት የሚሰማኝ ሽማግሌ እንኳ ልጣ?"

ሸሁ እንደነገሩኝ ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ አገጩን ወደ ላይ ቀና አድርጎ በቀረችው ጠባብ ክፍተት ሊያያት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከዚያ የቀኝ ዐይኑን ቆብ በጣቱ ገፍቶ ከፍ አደረገና "አልተኛሁም እህቴ። የተናገርሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ" አላት። ያለችውንም ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ ደገመላት፤ ባሏ የታመመበትን፣ ያረሰላትን ሰው፣ በሬውን፣ ድንጋዩን። አንድም አልሳተም። ግን ሲደግም ድምፁ እየቀጠነ፣ በአፍንጫው እየወጣ ሄደ፤ የመጨረሻዎቹን ቃላት ከጎኑ የተቀመጡት ብቻ ሰሟቸው።

ሴትየዋ ተቀመጠች። ጉዳዩም ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

"እኔን ያስደነገጠኝ የሴትዮዋ ነገር አይደለም" አሉኝ ሸሁ። "ድምፁ ነው። ወላሂ፣ ሌላ ሰው በእሱ አፍ የሚናገር መሰለኝ።"

አባቴ ቤት ሲገባ ወደ ግድግዳው ዞሮ ጋደም አለ። እናቴ ምን ሆነሃል ስትለው "አሁን ገና ተኛሁ በያቸው" አላት። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ልትስቅ ጀምራ ተወችው።

በተከታዩ ቅዳሜ ማልጄ ተነስቼ ሄድኩ። ረፋድ ላይ ስደርስ አባቴ ነዶ ይከምራል። ዐይኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሳቁም የድሮው ነው። "አንቺንም ጠሩሽ?" አለኝ። እናቴን በከንቱ አስደነገጥሽኝ ልላት ምንም አልቀረኝም። ከምሳ በኋላ ግን አጠገቡ ተቀምጬ ስናወራ የግራ ዐይኑ ቆብ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ። የእንቅልፍ አይመስልም ነበር። እንቅልፍ የያዘው ሰው ፊቱ ሁሉ ይላላል፤ አባቴ ግን ግንባሩን ሸብሽቦ፣ ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ እየታገለ ነው። ቆቡ አልታዘዘውም።

"አባዬ፣ ዐይንህን ያምሃል?"

"አያመኝም። ይከብደኛል እንጂ። የሆነ ነገር ያንጠለጠሉበት ይመስለኛል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከክረምቱ ወዲህ ነው። እርጅና ነው፣ ተይው።"

እርጅና የሚለውን እኔም ተቀበልኩት። ለነገሩ ሁሉም የየራሱ ምክንያት ነበረው። እናቴ የሰው ዐይን ነው አለች። ጎረቤታችን አጨዳ ላይ ፀሐይ መትቶት ነው አለ። የንስሐ አባቱ ደግሞ ጠበል አዘዙለት። ወደ ጠበሉ የሚወርደው ማለዳ፣ እህል ሳይቀምስ ነው። ተጠምቆ ሲመለስ ዐይኑ ተገልጦ ታገኘዋለች፤ እናቴ እልል ትላለች። ከሰዓት ላይ ተመልሶ ይወርዳል። "ለቀቀኝ ስል ይመጣል" ይል ነበር አባቴ። ዐይኑ ጠዋት ጠዋት ሁልጊዜም ደህና እንደነበረ፣ የሚወድቀውም ሁልጊዜ ሲውል እንደሆነ ከመሃላችን አንድ ሰው እንኳ ልብ አላለም። እናቴ ከብት ስትመልስ፣ እኔ ከተማ ሆኜ፣ እሱ ደግሞ ነገሩን ሲደብቅ ማን ያስተያየው?

ከተማ መጥቶ ለመታየት እሺ ያለው ነገሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ መታየት ሲጀምሩ ነው። አንድ ቀን ሸሁ ከማዶ ሲመጡ አባቴ ደጅ ቆሞ አያቸውና "ዛሬስ ሁለት ሆነህ መጣህ? እኔ አንዱንም አልቻልኩት" አላቸው። ሸሁ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። አባቴ አንድ ዐይኑን በመዳፉ ከድኖ "አሁን አንድ ሆንክ" ሲል ሳቃቸው ቀረ።

"አብሽር" አሉት። "ነገውኑ ልጅህ ዘንድ ትሄዳለህ። እኔው መንገድ ድረስ አደርስሃለሁ።"

እንዳሉትም አደረሱት። እኔ ቤት አድሮ በማግስቱ ማለዳ ከተሰለፉት ጋር ተሰልፈን ጤና ጣቢያ ታየ። ባለሙያው መብራት አብርቶ ዐይኑን ተመለከተ፤ ፊደል አስነበበው፤ ደም ግፊቱን ለካ። አባቴ ጠግቦ ተኝቶ የተነሳ ሰው ነውና ዐይኑ ተገልጧል፤ የሚያየውም አንድ አንድ ነው። "የታለ የሚወርደው ቆብ?" አለን ሰውየው። ይመጣል ይሄዳል አልነው። ከዚህ የተሻለ የምንናገርበት ቃል አልነበረንም። ድካም ሊሆን ይችላል፣ ዕድሜም አለ ብሎ ጠብታ ሰጠን። አላመናጨቀንም፣ አልቸኮለብንም፤ ያላየውን ነገር ምን ይበል? ትንሽ ቆይቼ ደግሞ መነጽር ቤት ወሰድኩት። ያም ጠዋት ነበር። አባቴ ጠዋት ያለ መነጽሩም ያያል፤ ከሰዓት በመነጽሩም ሁለት ነው የሚታየው። በመጨረሻ እናቴ መነጽሩን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

የሴትየዋና የባሏ ወንድም ጉዳይ ከገና በኋላ በእርቅ አለቀ። ነገሩን የመሩት ሸሁ ናቸው፤ አባቴ ብዙም ሳይናገር ከጎናቸው ተቀምጦ ዋለ። ለእርቁ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም በየፊናው በግ ታረደ። አባቴ ሥጋ ወዳጅ ነው። የዚያን ቀን ግን እያኘከ መሃል ላይ አቆመ። እናቴ ስታየው እጁን ከአገጩ ሥር አድርጎ መንጋጋውን እየደገፈ ያኝካል። ጥቂት ታግሎ ያልላመውን ከአፉ አወጣና በጠላ ላወራርድ ብሎ ዋንጫውን አነሳ። የጠጣው በአፍንጫው ተመልሶ ወጣ። ትን አለው፤ ሲስል ሲስል ፊቱ ጠቆረ። ሸሁ ወደፊት ደፍተው ጀርባውን እየመቱ ያዙት። ትንፋሹ ሲመለስለት ዙሪያውን የከበበውን ሰው አይቶ "ተቀመጡ፣ ብሉ" አለ፤ ቃሉን ግን ማንም አልለየውም።

እናቴ ደወለችልኝ። ስልክ ላይ ብዙ አታወራም፤ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠይቃ ትዘጋለች። የዚያን ቀን ሰላምታ እንኳ አላቀደመችም።

"አባትሽ የጠጣው በአፍንጫው ወጣ" አለችኝ። "ይሄ እርጅና ነው እንዳትዪኝ። አባቴም አርጅቶ ነው የሞተው፤ እንዲህ አልሆነም።"

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ አባቴን ይዤ ወደ ደሴ ተነሳሁ። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ነበር ከመካነ ሰላም የወጣው። አቀስታን አልፈን ደጋው ላይ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ዋጠው፤ ሾፌሩ እየዳሰሰ ይነዳል። ከዚያም ጎማ ፈነዳ። ብርዱ አጥንት ይገባል። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ እኔ ግን ቀኑ አለቀብን እያልኩ እነጫነጫለሁ። ደሴ የገባነው ከምሳ በኋላ፣ ሆስፒታል የደረስነው ደግሞ የዕለቱ ታካሚ ታይቶ ሊያልቅ ሲል ነው። በር ላይ ያለችው ነርስ "ነገ ጠዋት ብትመጡ ይሻላል" ልትለኝ ጀምራ አባቴን ቀና ብላ አየችው። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ የግራ ዐይኑን ቆብ በጣቱ ደግፎ ይዟል። "ቆዩ፣ ልጠይቅላችሁ" አለችና ገባች።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ እንደዋለች ፊቷ ላይ ይታያል። ምን እንደሆነ ስትጠይቀው አባቴ መመለስ ጀመረ። ድምፁ በአፍንጫው ስለሚወጣ እንዳትቸገር ብዬ እኔ ቀጠልኩለት። በእጇ አስቆመችኝ።

"ይቅርታ እህቴ፣ እሳቸው ይንገሩኝ። ድምፃቸውን ልስማው።"

አባቴ የቻለውን ነገራት። ሳታቋርጠው አዳመጠችና "አባባ፣ ጠዋት ሲነሱስ እንዴት ነዎት?" አለችው።

"ጠዋት ምንም የለብኝም።"

"ምንም?"

"ምንም። ጠዋት እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ አያለሁ። ሲውል ነው የሚከዳኝ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ድካሟ ከፊቷ ላይ ሲለቃት አየሁ። ወንበሯን ስባ ከፊቱ ተቀመጠችና ራሱን ሳያንቀሳቅስ ወደ ጣሪያው እንዲያይ፣ ዐይኑን እንዳይነቅል ነገረችው። አባቴ ታዘዘ። ስንጠብቅ ቆቦቹ መውረድ ጀመሩ፤ መጀመሪያ የግራው፣ ቀጥሎ የቀኙ፣ እንደ መጋረጃ ዝቅ ዝቅ እያሉ ብሌኑን ከደኑት። ዐይንዎን ጨፍነው ይረፉ አለችው። አርፎ ሲገልጥ ከፍ ብለው ነበር። ከዚያ ቁጥር ጮክ ብሎ እንዲቆጥር አደረገችው፤ ሲጀምር ጥርት ያለው ድምፅ እየቆየ አፍንጫው ውስጥ ገባ። ክንዶቹን ወደ ፊት ዘርግቶ እንዲቆይ አደረገችው፤ አንገቱን በእጇ ገፋችው፤ ትንፋሹን አዳመጠች።

በመጨረሻ ነርሷን ልካ ከላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ በረዶ አስመጣች። በጓንት ቋጥራ በተጨፈነው የግራ ዐይኑ ላይ አድርጋ ያዘችው። አባቴ ቅዝቃዜውን ጥርሱን ነክሶ ቻለው። አንስታለት ይግለጡት ስትለው ዐይኑ ተከፈተ። ከቀኙ ይልቅ የግራው ከፍ ብሎ ነበር። ከመቼ ወዲህ ከሰዓት ላይ ያን ዐይን ተገልጦ እንዳላየሁት ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እንባዬ መጣ።

"ታዲያ በረዶ ነው መድኃኒቱ?" አለ አባቴ። "በረዶማ እኛ አገር ክረምት ክረምት በነፃ ይወርዳል።"

ሐኪሟ ሳቀች። "በረዶው ምልክት ነው አባባ፣ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ገና ደም እንመረምራለን፣ ደረትዎንም ራጅ እናነሳለን። ግን ያለብዎት የዐይን በሽታ አይመስለኝም።"

"እና ምንድን ነው?"

ቀስ ብላ አስረዳችው። ዐይንህን ግለጥ፣ አኝክ፣ ዋጥ የሚለው ትእዛዝ ከአንጎል ተነስቶ በነርቭ በኩል ጡንቻው ድረስ ይመጣል። ጡንቻው ላይ ትእዛዙን የሚቀበል አለ። በዚህ በሽታ የሰውየው የራሱ መከላከያ፣ በሽታን ሊዋጋ የተሠራው፣ ተሳስቶ ያን ተቀባይ ያጠቃዋል። ስለዚህ ጡንቻው አርፎ ሲነሳ ይሠራል፤ በሠራ ቁጥር ደግሞ እየደከመ ይሄዳል። የዐይን ቆብ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ትንሽ ጡንቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በሽታው መጀመሪያ የሚታየው እሱ ላይ ነው። ስሙን ማያስቴኒያ ግራቪስ አለችው።

አባቴ እስክትጨርስ አዳመጣት።

"ከራሴ ጋር ተጣልቻለሁ በዪኛ።"

"ልክ ነው አባባ።"

"ሽማግሌ አይገባበትም?"

"ይገባበታል" አለችው። "ሽማግሌው ኪኒን ነው። ጠቡን ጨርሶ ላያጠፋው ይችላል፤ ግን አብረው እንዲኖሩ ያደርጋል።"

መዋጥ ስላስቸገረውና ትንፋሹም ስላሳሰባት አስተኛችው። ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ አነጋገረችኝ። የዐይን ቆብ የወረደበት ሰው ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት እንዳልሆነ ነገረችኝ፤ ከልደት ጀምሮ ያለ አለ፣ በዕድሜ ቆዳው የሚላላ አለ። በድንገት ወርዶ ከባድ ራስ ምታት፣ የአፍ መጣመም ወይም የእጅና የእግር መስነፍ ከመጣ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ነው። "የአባትሽ እየዋለ የሚብስ፣ ሲያርፉ የሚመለስ ነው። ሁለት ማየቱ፣ ማኘኩ፣ ድምፁ ሁሉ አብሮ አለ" አለችኝ። "ጠዋት ቢመጡ ኖሮ እኔም ላላየው እችል ነበር።" ጎማው በፈነዳ ጊዜ የተነጫነጭኩትን አስታወስኩ።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ኪኒን ከዋጠ በኋላ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ ፊቱን ፊቱን አያለሁ። ምሳ ሰዓት አልፎ የመጣልን ፍርፍር አጠገባችን ነው። ብዙም ሳይቆይ ግንባሩ ላይ ያለው ሽብሽብ ሲፈታ አየሁ፤ ዐይኑ ያለ ትግል ተከፍቷል። ሳህኑን ሳበው። አገጩን ሳይደግፍ ጎረሰ፣ አኘከ፣ ዋጠ። ሁለተኛ ጎረሰ። ከዚያ እኔን አጎረሰኝ።

የምርመራው ውጤት ሐኪሟ የገመተችውን አረጋገጠ። ደረቱ ውስጥ ያለችው ዕጢ፣ በዚህ በሽታ አንዳንዴ የምታብጠው፣ ደህና ሆና ተገኘች። ስንወጣ ሐኪሟ ደጋግማ ያስጠነቀቀችን ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ ለሌላ ሕመም መርፌም ሆነ ኪኒን ሲሰጠው ይህ በሽታ እንዳለበት አስቀድሞ እንዲናገር ነው፤ አንዳንድ መድኃኒት ድካሙን ያብሰዋልና። ሌላው፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ይሻለኛል ብሎ እንዳይጠብቅ ነው። አባቴ ጠበሉን ተው እንዳትለው እየፈራ ጠየቃት። "ይጠመቁ አባባ፣ ግን ኪኒኑን ውጠው ይሂዱ" አለችው። የንስሐ አባቱም በዚህ ተስማሙ።

አገር ቤት ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር። በዚያው ሳምንት ያቺ ሴት መጣች። እናቴ አውድማ ላይ እህል ታነፍሳለች፤ ሴትየዋ ነጠላዋን አሸርጣ፣ ሰፌድ አንስታ አብራት ማንፈስ ጀመረች። አባቴ ወደ አውድማው ሲመጣ ሰፌዱን አስቀምጣ ጉልበቱን ልትይዝ ጎንበስ አለች። ከመሃል ያዛት።

"በበሽተኛ ላይ ተናገርኩ፤ ይቅር በለኝ" አለችው።

"ያየሽውን ነው የተናገርሽው" አላት። "እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። ማንም ያላወቀውን አንቺ ከየት ታውቂው?"

ከዚያ በኋላ በአካባቢያችን ሽምግልና ጠዋት ሆነ። ሸሁ ናቸው ያስወሰኑት። አባቴ ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል፤ በቀን መተኛት የማያውቅ ሰው ነበርና መጀመሪያ አፍሮ በር ያስዘጋ ነበር፤ አሁን ለምዶታል። ሲያስታርቅ ከመጀመሩ በፊት ሕመሙን ለባለጉዳዮቹ ይነግራል። ይህን ያደረገው ለራሱ ብሎ ነበር፤ ግን ሌላ ነገር አስከተለ። ሰው ዐይኑ የከበደውን ሁሉ ወደ አባቴ መላክ ጀመረ። በገበያ ቀን ደጃችን ላይ ሁለት ሦስት ሰው ቆሞ አግኝቻለሁ። አንዱ ዐይኑ ከልደቱ እንደዚያ የሆነ ጎልማሳ ነው። አንዷ አሮጊት ዐይኗ አያማትም፣ አይወርድም፤ የመጣችው ከተላኩት ጋር ለመጫወት ነው። አባቴ ሁሉንም ተቀብሎ አንድ ነገር ይጠይቃቸዋል፤ "ጠዋትስ እንዴት ነው?" መልሱን ሰምቶ "እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሂዱና ታዩ። ሲውል ከባሰ ደግሞ ጠዋት ብቻ ታይታችሁ እንዳትመለሱ፤ መቼ መቼ እንደሚብስ ንገሯቸው" ይላቸዋል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል አንዲት ወጣት እናት በእርግጥ ያው በሽታ ተገኝቶባት አሁን መድኃኒት ላይ ናት።

ሁሉ ነገር ቀና ሆነ ለማለት ግን አልችልም። መንገድ በሚዘጋባቸው ወራት መድኃኒቱ ከከተማው ይጠፋል። እንዲህ ባለ ጊዜ አባቴ ኪኒኑን ግማሽ ግማሽ እያደረገ ሲውጥ ደርሼበት ተጣልቼዋለሁ። ባለፈው ክረምት ደግሞ ጉንፋን ያዘው። አንድ ከሰዓት ስደውል አንስቶ "ደህና ነኝ" አለኝ። ሁለት ቃል ነው ያለኝ፤ ሁለቱም በአፍንጫው ወጡ። ቀጥሎ ሊናገር ሲል መሃል ላይ ትንፋሽ ወሰደ።

"እማዬን ስጠኝ" አልኩት።

ተንጋሎ መተኛት አቅቶት ትራስ ያበዛ እንደሆነ እናቴን ጠየቅኳት። ተቀምጦ ነው ያደረው አለችኝ። ስልኩን ዘጋን። እናቴ ወንዙን ተሻግራ ለሸሁ ነገረች፤ የሸሁ ልጆችና የእኛ ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው በጭቃው ውስጥ እስከ መኪና መንገዱ ድረስ አወጡት። እኔ ከመካነ ሰላም መኪና ይዤ ተቀበልኳቸው። ሸሁ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ልብሳቸው በጭቃ ተለውሶ ከቃሬዛው ኋላ ይመጣሉ። "አብሽሪ" አሉኝ። ደሴ እንደደረስን ኦክስጅን ተሰጠው። ለቀናት በቱቦ እየተመገበ፣ ዐይኑ ተከድኖ፣ እጄን በመጭመቅ ብቻ እየመለሰልኝ ቆየ። ያቺው ሐኪም ዎርዱ ውስጥ ስታገኘኝ "በሰዓቱ አመጣችኋቸው" አለችኝ። ለእኔ በቂ ነበር።

ሲሻለው ወደ አገር ቤት የተመለስነው በአውቶቡስ ነው። ደጋው ላይ ሾፌሩ መንገደኛው ሻይ እንዲጠጣ መኪናውን አቆመ። አባቴ እንደራበው ነገረኝ። የሞቀ ዳቦና ሻይ አመጣሁለት፤ ዳቦውን በሻይ እያራሰ፣ ትንሽ ትንሽ እየቆረሰ፣ በየጉርሻው መሃል እያረፈ ይበላል። ሌላው ሰው ጨርሶ ወደ መኪናው ገባ። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ እኔ ተነሳሁ፤ የቀረውን መኪና ውስጥ ትበላለህ ልለው ነው። መኪናው እየተንገጫገጨ እንዴት እንደሚውጥ አስቤ ደግሞ ቆምኩ። ሾፌሩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ አየን፤ ዳቦውን ቀስ ብሎ የሚያኝከውን ሰውዬ ለትንሽ ጊዜ ተመለከተው።

"አባት፣ ሳይቸኩሉ ይብሉ" አለና ሞተሩን አጠፋ። "እንጠብቅዎታለን።"